ጎንደርን ያቃጠለው እንግሊዝ አይደለም

ወረታ ላይ መንገዱ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ ሌላው ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር። ያደግሁት እዚህ መገንጠያ ላይ ነው። የጎንደር አድባራት ንብረት ወደ ደብረ ታቦር መጋዙን ግን ትምህርት ቤት ሳለሁ የነገረኝ አልነበረም።

በቅርቡ ቡና ላይ የመቅደላ ቅርስ ተነሣና አንዱ ወዳጄ እንግሊዝን ሲራገም አመሸ። «ያ ሁሉ ብራና መቅደላ ከየት መጣ?» ብለው ዝም አለ።

ልንገረው። በ1859 ዓ.ም. ኅዳር ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር ገሥግሠው ጎንደር ገቡ። «አርባ አራት ታቦት» ስትባል የኖረች ከተማ ተዘረፈች፤ መስቀሉ፣ ጽናው፣ መጽሐፉ ተጫነ፤ ከዚያ አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ እሳት ተለቀቀ። የተረፉት ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ ጎብኚው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያው ላይ የተሣሉትን መላእክት ያያል፤ ስንት ሥዕል አመድ እንደሆነ የሚነግረው አስጎብኚ ግን አላጋጠመኝም።

በ1860 መግቢያ ንጉሡ የራሳቸውን ከተማ ደብረ ታቦርንም አቃጥለው፣ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ አመሩ። መጻሕፍቱ የተሰበሰቡት እዚያ ሊሠሩት ላሰቡት መድኃኔ ዓለም ነበር። ሚያዝያ ላይ እንግሊዞች ያገኙት ይህንን ነው፤ በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ ጫኑት።

እንግሊዝ ንጹሕ ነው አልወጣኝም። ዘርፏል፤ ይመልስ! ግን ለሁለት ዘራፊ አንድ ከሳሽ ብቻ ማቆም ምን ይሉታል? እኔም «አንድ ለናቱ»ንና «የቴዎድሮስ እንባ»ን አንብቤ ቴዎድሮስን የወደድሁ ሰው ነኝ። መውደድ ግን ዐይን አያሳውርም። «ካህናቱ አስቸግረዋቸው፣ ከተማዪቱም ሸፍታባቸው ነው» የሚል መልስ ሰልችቶኛል። ካህኑ ቢያስቸግር ግድግዳው ላይ ያለችው ሥዕለ ማርያም ምን አጠፋች?

ነገሩ የወሬ ብቻ አይደለም። ለንደን ካሉት ብራናዎች በብዙዎቹ ላይ የጎንደር ደብር ስም ሰፍሯል። አንድ ቀን ቢመለሱ ማን ይረከባቸዋል? አዲስ አበባ ያለ ሙዚየም ነው? ወይስ ስሙ የተጻፈው ደብር? መቅደላን ስንጠይቅ ጎንደርን ከዘለልን፣ ያን ቀን የደብሩ አለቃ ወረፋ ይዞ ቢመጣ «አንተ ደግሞ ምን አገባህ?» ልንለው ነው።