በቀራንዮ ፍትሕና ምሕረት አልተጣሉም

ከዐውደ ምሕረትም ከስብከት አዳራሽም ደጋግሞ የሚሰማ አንድ የቀራንዮ ትረካ አለ። አብ በሰው ልጅ ኃጢአት ተቆጣ፤ ቅጣትም ጠየቀ። ወልድ ራርቶ በመካከል ገባ፤ በትሩ በንጹሑ ላይ ሲያርፍ ቁጣው በረደ፤ ያን ጊዜ ምሕረት ሆነ። ትረካው አጭርና ልብ የሚነካ ነው፤ ነገር ግን የክርስትናን ዋና ትምህርት ያዛባል። ፍትሕን ለአብ፣ ርኅራኄን ለወልድ አከፋፍሎ አንዱን አምላክ እርስ በርሱ የሚከራከር ያስመስለዋል። በመስቀል ላይ የሆነው ግን ፍትሕና ምሕረት ተከራክረው የደረሱበት ውል አይደለም፤ ፈራጁ ራሱ የፍርዱን ሸክም የተሸከመበት አንድ ሥራ ነው። ይህን መሳት የሊቃውንት ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ስለ መስቀሉ በተሳሳትን መጠን፣ በመካከላችን ስለሚፈጸም በደልና ስለ ይቅርታ የምንናገረውም አብሮ ይበላሻል።

መጽሐፉ ራሱ የሚናገረውን እንይ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ 3ኛ ምዕራፍ ክርስቶስን ማስተስረያ አድርጎ ያቆመው እግዚአብሔር ራሱ መሆኑን ይናገራል። ይህም የሆነው ጽድቁን ለማሳየት ነው። ስለዚህ የእግዚአብሔር ጽድቅ የታየው ለኃጢአተኛው ማስተስረያ በመሰጠቱ ነው፤ ከማስተስረያው ማዶ ቆሞ ደም የሚጠብቅ ጽድቅ የለም። በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ 5ኛ ምዕራፍም አስታራቂው ማን እንደሆነ ሲገልጽ፣ እግዚአብሔር በክርስቶስ ሆኖ ዓለሙን ከራሱ ጋር ያስታርቅ እንደነበር ያስረዳል። የዮሐንስ ወንጌልም የልጁን መሰጠት የሚጀምረው ከአብ ፍቅር ነው። እንግዲህ መስቀሉ የእግዚአብሔር ፍቅር ፍሬ እንጂ፣ የማይወደውን አምላክ እንዲወድ ያደረገ መማለጃ አይደለም።

አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ነገሩን በ4ኛው መቶ ዘመን በጥልቀት መርምሮታል። ስለ ቃል ሥጋ መሆን በጻፈው መጽሐፍ የሚያነሣው ጭንቅ ይህ ነው፦ እግዚአብሔር አዳምን ከዛፉ ብትበላ ትሞታለህ ብሎታል፤ በልቶ ሳይሞት ቢቀር የእግዚአብሔር ቃል ሐሰት ይሆናል። በአንጻሩ በአምሳሉ የፈጠረው ሰው ጠፍቶ ቢቀር ለቸርነቱ አይገባም። አትናቴዎስ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ቃል ራሱ የሚሞት ሥጋ ለብሶ፣ ሞትን በሥጋው ተቀብሎ፣ በትንሣኤው እንደሻረው ነው። እዚህ ውስጥ ቁጣው እስኪበርድ የሚጠበቅ አባት የለም። ያለው የተናገረውን የማያጥፍና የፈጠረውን የማይጥል አንድ አምላክ ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊትም በዚሁ መንገድ የተጓዘ ነው። አዳም ከገነት ወጥቶ ሲያለቅስ ፈጣሪው ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ፣ ማለትም ከ5,500 ዘመን በኋላ፣ ከልጅ ልጁ ተወልዶ እንደሚያድነው ቃል ገባለት ይባላል። የተስፋው ቃል ከመስቀሉ ቀድሞ፣ በፍርዱ ማግስት ተሰጥቷል ማለት ነው። በጥምቀት በዓል ሰሞን የሚነገረው የዕዳ ደብዳቤ ታሪክም አለ፤ አዳምና ሔዋን ለዲያብሎስ አገልጋይነታቸውን ጽፈው ሰጡት፣ እርሱም አንዱን በዮርዳኖስ፣ ሌላውን በሲኦል ደበቀው፣ ክርስቶስም ሁለቱንም ደመሰሰ። ትረካው ከቆላስይስ መልእክት 2ኛ ምዕራፍ ጋር የተያያዘ ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን አሰላለፉ ነው። ዕዳው የለም አይባልም፤ ተጽፏል፣ መደምሰስም አለበት። የዕዳውን ጽሑፍ የያዘው ግን አብ አይደለም፤ አብና ወልድ በአንድ ወገን ቆመው የሰውን ልጅ ነጻ ያወጣሉ። ዲያብሎስም ክፍያ የሚገባው ባለመብት አይደለም። ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ይህን በቁርጥ ቃል ዘግቶታል፦ ለወንበዴ ቤዛ መክፈል ነውር ነው፤ አብም በልጁ ደም አይደሰትም።

ምዕራባውያን በሌላ መንገድ ሄዱ። የካንተርበሪው አንሴልም እ.ኤ.አ. በ1098 ባጠናቀቀው መጽሐፉ፣ ኃጢአት ለእግዚአብሔር የሚገባውን ክብር መንጠቅ ስለሆነ ያለ ካሳ ዝም ብሎ ማለፍ ሥርዓት አልባነትን ማጽደቅ ይሆናል ብሎ ተከራከረ። ካሳውን መክፈል ያለበት ሰው ነው፤ መክፈል የሚችለው ግን እግዚአብሔር ብቻ ነው፤ ስለዚህ አምላክ ሰው ሆነ። አንሴልም የዘመኑን የባላባት ሥርዓት ወደ ሰማይ ሰቀለ ተብሎ ይወቀሳል፤ ወቀሳው መሠረት ቢኖረውም ዋናውን ነጥቡን አያፈርስበትም። በአገራችን ሽምግልና ካሳ ይዞ የሚመጣው የበዳዩ ወገን ነው፤ የተበዳዩ ወገን ይቀበላል። አንሴልም እንደሚለው ደግሞ ተበዳዩ ራሱ የበዳዩን ሥጋ ለብሶ፣ ወገኑ ሆኖ፣ ካሳውን ይዞ ይመጣል። ኋላ ካልቪንና ተከታዮቹ ካሳ የሚለውን ቅጣት ወደሚለው ሲያዞሩት ትምህርቱ ለተሳሳተ ስብከት ይበልጥ ተጋለጠ። ሆኖም በዚያ ወገንም ያሉ ጠንቃቆች ስሕተቱን አይተውታል። እንግሊዛዊው ጆን ስቶት እ.ኤ.አ. በ1986 ስለ ክርስቶስ መስቀል ባሳተመው መጽሐፍ፣ በእኛ ምትክ የገባው እግዚአብሔር ራሱ መሆኑን ያስረግጣል፤ አብን ቀጪ፣ ወልድን ተቀጪ አድርጎ የሚለያየውን አነጋገር ይቃወማል።

ከባዱን ተቃውሞ ያነሣው እ.ኤ.አ. በ1594 መጽሐፉ የታተመው ጣሊያናዊው ፋውስቶ ሶዚኒ ነው። ክርክሩ ቀላል ይመስላል፦ ዕዳው ከተከፈለ ይቅር አልተባለም፤ ይቅር ከተባለም አልተከፈለም። ይህ ክርክር የሚያሸንፈው ከፋዩ ከባለ ገንዘቡ የተለየ ሦስተኛ ሰው ሲሆን ነው። በማቴዎስ ወንጌል 18ኛ ምዕራፍ ያለውን ንጉሥ እናስብ። ለአገልጋዩ 10,000 መክሊት ሲተውለት ያ ገንዘብ በነነ ማለት አይደለም፤ ጉድለቱ የንጉሡ ሆነ። እውነተኛ ይቅርታ ሁሉ እንዲህ ነው። የተበደለ ሰው ሳይበቀል ይቅር ሲል የበደሉን ክብደት ራሱ ውጦታል። ባለ ገንዘቡ ራሱ ኪሳራውን ሲሸከም ይቅርታና ክፍያ አንድ ድርጊት ይሆናሉ፤ ቀራንዮም ይኸው ነው።

ሌላው ጥያቄ ጥፋት ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል ወይ የሚለው ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በ18ኛው ምዕራፍ ልጅ የአባቱን ኃጢአት እንደማይሸከም ያስተምራል፤ ሙስሊም ወገኖቻችንም ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም አትሸከምም የሚለውን የቁርኣን ትምህርት ይጠቅሳሉ። ጥያቄው በክብር ሊመለስ ይገባዋል። ክርስቶስ በመስቀል ላይ ጥፋተኛ አልሆነም፤ ጥፋተኛ ሆነ የሚል ስብከት ካለም መታረም አለበት። የተሸከመው የኃጢአትን ፍሬ፣ ማለትም ሞትን ነው። የተሸከመውም ተገድዶ ሳይሆን በገዛ ፈቃዱ ነው፤ ነፍሱን ማንም እንደማይወስዳት በዮሐንስ ወንጌል 10ኛ ምዕራፍ ተናግሯል። ዳኛ ንጹሑን ይዞ በወንጀለኛው ፋንታ ቢቀጣ ግፍ ነው። አምላክ የሰውን ሞት በራሱ ሥጋ ቢቀበል ግን የተገፋ ሦስተኛ ወገን የለም። ይህ መልስ ምሥጢሩን አይጨርሰውም፤ የግፍን ክስ ግን ያነሣል።

በሌላ በኩል ፍትሕን ጨርሰው የሚተዉ አሉ። የሚጠቅሱት ብዙ ጊዜ የጠፋውን ልጅ ምሳሌ ነው፦ አባትየው መሥዋዕት ሳይጠይቅ ልጁን አቀፈው፤ ታዲያ መስቀል ለምን አስፈለገ? በ12ኛው መቶ ዘመን አቤላር የንጹሕን ደም እንደ ዋጋ መጠየቅ ጭካኔ ነው ብሎ የመስቀሉን ኃይል ፍቅርን በሚቀሰቅስ ምሳሌነቱ ላይ አደረገው። መጽሐፉ በገዳሞቻችን የሚነበበው ማር ይስሐቅም እግዚአብሔርን ፍትሐዊ ብለን እንዳንጠራው እስከማለት ይደርሳል፤ የወይኑን ቦታ ሠራተኞችና የጠፋውን ልጅ እያነሣ። የማር ይስሐቅን ቃል ከልቤ አከብራለሁ፤ እርሱ የሚያፈርሰው በሚዛን ለክቶ የሚከፍል አምላክን ነው፣ ይህም መፍረስ ይገባዋል። ለአቤላር ግን አትናቴዎስ አስቀድሞ መልሷል፦ ንስሐ ሰውን ከመበደል ያቆመዋል፤ በበደል የገባውን ሞት ግን አያወጣለትም። ምሳሌ ብቻ የሆነ መስቀል ለበሽተኛ የጤናማ ሰው ሥዕል ማሳየት ነው። የጠፋው ልጅም በአባቱ የታቀፈው በድያለሁ ብሎ ሊናገር ሲመጣ ነው፤ የባከነው ሀብትም የአባቱ ድካም ነበር።

ነገሩ ወደ ኑሯችን ሲመጣ እንዲህ ነው። የምሕረት አምላክ ፍትሕን ገሸሽ ያደረገ የሚመስላቸው ሰባኪዎችና ሽማግሌዎች፣ የተደበደበችውን ሚስት፣ ልጁ የተገደለበትን አባት፣ ቤቱ የተቃጠለበትን ገበሬ በመስቀሉ ስም ቶሎ ይቅር በሉ ይላሉ። በዳዩ ግን ምን እንዳደረገ እንኳ አልተናገረም። መስቀሉ የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው፤ በደልን ቀላል ቢያደርገው ኖሮ አምላክ ባልሞተበት። ዘኬዎስ በሉቃስ 19ኛ ምዕራፍ ክርስቶስን ከተቀበለ በኋላ የቀማውን አራት እጥፍ ለመመለስ ተነሣ፤ መዳን ለዚያ ቤት ሆነ የተባለውም ይህን ሲናገር ነው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እውነትን ማፈላለግን፣ ተጠያቂነትን፣ ካሳን፣ ዕርቅንና በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ምሕረትን አንድ ላይ ይዟል። አፈጻጸሙ ብዙ የሚያከራክር ቢሆንም፣ ክርስቲያኖች እውነትና ተጠያቂነት የሚሉትን ቃላት የምሕረት ጠላት አድርገው ሊያዩ አይገባም።

ስለዚህ የንስሐ አባቶች፣ መጋቢዎችና የአገር ሽማግሌዎች ሆይ፣ ይቅርታን ከተበዳዩ ከመጠየቃችሁ በፊት እውነቱን ከበዳዩ ጠይቁ። የወሰደውን እንዲመልስ፣ የሰበረውን እንዲጠግን እዘዙት። የተጎዳውንም በመስቀሉ ስም ዝም አታሰኙት።