«ተረፉ» ብሎ መዝገብ መዝጋት

የካቲት 26 ቀን 2007 ዓ.ም. ስመ ጥሩው የሲኒማ ተዋናይ ሃሪሰን ፎርድ፥ በካሊፎርኒያ ከሳንታ ሞኒካ ማረፊያ በገዛ አይሮፕላናቸው ብቻቸውን ተነሡ። አይሮፕላኗ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለወታደር በራሪዎች ማሠልጠኛ የተሠራች፥ ባለ አንድ ሞተር ራያን ነበረች። ገና ብዙ ሳይርቁ ሞተሩ ኃይሉን አጣ። ሊመለሱ ዞሩ፤ ዳሩ ግን ማኮብኮቢያው ላይ እንደማይደርሱ ባዩ ጊዜ ወደ አንድ የጎልፍ ሜዳ አመሩ። የዛፍ ጫፍ ገጭተው ከመሬት ተጋጩ። ክፉኛ ቢጎዱም ዳኑ፤ በምድር የነበረ ሰውም አልተነካም።

ብዙዎች ጀግንነታቸውን አደነቁ። እኛም ምስጋናውን አንነፍግም። ሞተር የከዳው በራሪ «ማረፊያው ልድረስ» ብሎ የአይሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ቢያደርግ ፍጥነቱ ይጠፋል፤ ክንፉም መሸከም ያቅተዋል፤ መጨረሻው መከስከስ ነው። ማረፊያን ትቶ ሜዳ መምረጥ የልምምድ ፍሬ እንጂ ዕድል ብቻ አይደለም።

ነገር ግን ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሞተሩን ቢመረምር፥ በካርቡሬተሩ ውስጥ የቤንዚኑን መጠን የምትወስነው ባለ ቀዳዳ ብሎን ተፈትታ ተገኘች። ስለዚህ ቤንዚን ከልክ በላይ ገብቶ ሞተሩን አደከመው። ብሎኗ ከዘመናት በኋላም እንድትመረመር የሚያዝ መመሪያ አልነበረም። የትከሻው ቀበቶም ያለ አግባብ በመገጠሙ ጉዳቱን አባባሰው። እንግዲህ እንዲታይ ያልተጻፈውን ማንም አላየውም ማለት ነው።

ወገኖቻችን ሆይ፥ እኛን የሚመለከተን ይህ ነው። ቦርዱ «ሰው አልሞተም» ብሎ መዝገቡን አልዘጋም፤ ምክንያቱን ፈልጎ ለማንም አንባቢ ገልጦ አወጣ። በእኛ ዘንድ ግን አንድ አውቶቡስ ፍሬን በጥሶ፥ ሰው ሳይገድል አጥር ተደግፎ ቢቆም «እግዜር ይመስገን» ብለን እንበተናለን። ፍሬኑ ለምን እንደ ተበጠሰ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ግን አጥሩ ላይኖር ይችላል።

ነገ መሐንዲስ፥ ሐኪም ወይም ሹም የምንሆን ተማሪዎች፥ «መመሪያው ምን ይላል?» ማለት ብቻ አይበቃንም፤ «መመሪያው ምን ረስቷል?» ብለንም እንጠይቅ። ምስጋናው ይቅደም፤ ምርመራው ግን አይቅር።