ከሕመሙ በፊት እጅና እግር ይጠየቁ

አንገቱን የታመመ ሰው ባለበት ቤት የሚነሳው ክርክር ከሠፈር ሠፈር ብዙም አይለያይም። አንዱ ዘመድ «አንገት አይነካም፤ ኦፕራሲዮን ገብቶ አልጋ ላይ የቀረ ሰው አውቃለሁ» ይላል። ሌላው ጥሩ ወጌሻ ይጠቁማል። ሦስተኛው ጸበል፣ አራተኛው ሕንድ አገር ይላል። ሁሉም የሚናገረው ከልቡ ተጨንቆ ነው። ክርክሩ ግን መጨረሻ ላይ መምጣት ካለበት ጥያቄ ይጀምራል። የት ይታከም ከማለት በፊት አንገት ውስጥ የተጨቆነው ምኑ ነው ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። አንዱን ሰው «ታገስ»፣ ሌላውን «ዛሬ ነገ አትበል» የሚያሰኘው የዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

አንገታችን 7 አከርካሪ አጥንቶች አሉት። አጥንቶቹ ተደራርበው በሚሠሩት ቦይ ውስጥ ከአንጎል የሚነሳው ህብለ ሰረሰር ይወርዳል፤ በየአጥንቱ መሐልም ወደ ትከሻና ወደ እጅ የሚሄዱ የነርቭ ሥሮች ይወጣሉ። የጤናማ አዋቂ ቦይ ከፊት ወደ ኋላ ሲለካ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከ13 ሲያንስ ጠቧል ይባላል፤ ከ10 በታች ከወረደ ለህብለ ሰረሰሩ መፈናፈኛ አልቀረውም። የሚጠበውም በአንድ ቀን አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ በአጥንቶቹ መሐል ያለው ዲስክ እየደረቀ ወደ ኋላ ይገፋል፤ አጥንቱ ጠርዙ ላይ ትርፍ ያበቅላል፤ ከኋላ ያለው ጅማት ይወፍራል። አዲስ አበባ መሳለሚያ ላይ ግራና ቀኙ ሸቀጥ ሲዘረጋበት መንገዱ ለመኪና ማለፊያ እንደሚያጣው ሁሉ፣ ህብለ ሰረሰሩም ከፊትም ከኋላም እየተገፋ መተላለፊያ ያጣል። ሲወለዱ ጀምሮ ቦያቸው የጠበበ ሰዎችም አሉ፤ እነሱ ላይ ትንሿ ጭማሪ ቶሎ ትታወቃለች።

የተጨቆነው የነርቭ ሥር ብቻ ከሆነ ሕመሙ ከአንገት ተነስቶ በትከሻ በኩል እስከ ጣት ይወርዳል፤ ያቃጥላል፣ ይደነዝዛል፣ እንቅልፍ ይነሳል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ነው። እጅግ የሚያስጨንቅ ቢሆንም አብዛኛው ሰው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል። ህብለ ሰረሰሩ ራሱ ሲጨቆን ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። እጅ ይከብዳል፤ ቁልፍ መቆለፍ፣ መርፌ መያዝ፣ ሳንቲም መቁጠር ያቅታል። እግር ይደርቃል፣ አካሄድ ይወላገዳል፣ ሽንት ያጣድፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንገት ላይ እምብዛም ሕመም ላይኖር ይችላል። እኛ ደግሞ ያደግነው በሽታን በሕመሙ መጠን እየለካን ነው። ስለዚህ ብዙ የሚጮኸው ሰው ሐኪም ዘንድ ቶሎ ይደርሳል፤ ቶሎ መድረስ የነበረበት ሰው ግን «እኔን ያመመኝ ነገር የለም» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። እስራኤል ውስጥ የተደረገ ጥናት የህብለ ሰረሰር መጨቆን ከመጀመሪያው ምልክት እስኪታወቅ በአማካይ ከ2 ዓመት በላይ እንደሚፈጅ አሳይቷል። ያውም ምርመራው በቅርብ በሚገኝበት አገር።

ይህን ጉዳይ መሳለሚያ ሆኖ ማሰብ የግድ የእህል ገበያውን፣ እህል በረንዳን፣ ያስታውሳል። አይሱዙው የኋላውን ሰጥቶ ይቆማል። ላይ ያሉት ሁለት ልጆች ኩንታሉን እስከ ጠርዙ ይስቡታል። ተሸካሚው የታጠፈ ጆንያ ማጅራቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አንገቱን ወደ ፊት ደፍቶ ጀርባውን ይሰጣል። ኩንታሉ ሲያርፍበት ጉልበቱ እጥፍ ይላል፤ ከዚያ በአጫጭር እርምጃ፣ ሩጫ በሚመስል አካሄድ ወደ መጋዘን ይገባል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ እንዲሸከም የሚፈቀደው ክብደት ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ በተቻለ ፍጥነት ወደዚያ እንዲወርድ ጠይቋል። በሴራሊዮንና በኮንጎ ሸክም በራሳቸው በሚሸከሙ ሰዎች ላይ የተደረጉ የራጅ ጥናቶችም የአንገት አጥንት ከማይሸከሙት ይልቅ ጎልቶ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። አንገት የሚጠበው በሸክም ብቻ አይደለም፤ ሸክም ተሸክሞ የማያውቅ የቢሮ ሰው ላይም፣ ከቤት ወጥታ የማታውቅ እናት ላይም ይደርሳል። ነገር ግን ጉልበቱን ሸጦ የሚያድር ሰው ላይ ሲደርስ ሕክምናውን መመዘን ራሱ ይከብዳል።

በሠፈራችን የማውቃቸው አንድ ጋሽ በጫኝና አውራጅነት ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ለዓመታት አንገታቸውን ሲያማቸው ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዙ ሥራቸውን ቀጠሉ። በኋላ ሕመሙ ቀለል አለ፤ ተመስገን አሉ። ከዚያ ሳንቲም ከእጃቸው መውደቅ ጀመረ። ቀጥሎ አካሄዳቸው ተበላሽቶ ቀምሰው የመጡ እስኪመስል መንገዳገድ መጣ። ሐኪሙ የመሐል ጣታቸውን ጥፍር ጫን አድርጎ ሲለቀው አውራ ጣታቸው ሳያዙት ወደ ውስጥ ተጠቀለለ። ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ ጭቆናው ህብለ ሰረሰር ላይ መድረሱን ከሚጠቁሙ ምልክቶች አንዷ ናት። ኤም አር አይ ተነሱ፤ ሐኪሙም ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ነገራቸው።

ቤት ውስጥ ምክር ተቀመጠ። ታላቅ እህታቸው «ወንድሜ፣ አንገትህን ቢላ አይንካው፤ መጀመሪያ ጸበሉን ሞክር» አሉ። ባለቤታቸው «እሱ ተኝቶ ይህን ቤት ማን ያበላዋል?» ብለው አለቀሱ። እሳቸውም «አሁን እኮ ሕመሙ ትቶኛል» አሉ። ነገሩን የቆረጠችው ልጃቸው ናት። «አባዬ፣ ሸሚዝህን እኮ እኔ ነኝ የምቆልፍልህ» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ሕመም ያወራ አልነበረም።

ሚዛኑ ላይ መቀመጥ ያለበትም ይኸው ነው። ሐኪሞች የእጅን፣ የእግርን፣ የስሜትንና የሽንትን አሠራር በነጥብ ይመዝናሉ። ሙሉው 18 ነው፤ ከ15 እስከ 17 ቀላል፣ ከ12 እስከ 14 መካከለኛ፣ ከዚያ በታች ከባድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የአከርካሪ ሐኪሞች መመሪያ መካከለኛና ከባድ ጭቆና ላለባቸው ቀዶ ሕክምናን ይመክራል። ቀላል ለሆነባቸው ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ቀዶ ሕክምና፣ ወይ በባለሙያ ክትትል የሚደረግ ፊዚዮቴራፒ። ለዚህም ምክንያት አለ። በቼክ ሪፐብሊክ ቀለል ያለ ጭቆና ያለባቸው 68 ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ ግማሾቹ ቀዶ ሕክምና፣ ግማሾቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ታክመው ለዓመታት ሲከታተሏቸው ጎላ ያለ ልዩነት አልተገኘም። በሌላ በኩል የተለያዩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ፣ ቀዶ ሕክምና ካላደረጉት ሕሙማን ከ20 እስከ 60 በመቶው ከ3 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ብሶባቸዋል። ስለዚህ መጠበቅ የሚፈቀደው እየተመረመሩ ነው። ቀጠሮ የሌለው መጠበቅ ሕክምና ሊባል አይችልም።

ቀዶ ሕክምናውም አንድ ዓይነት አይደለም። ከፊት በኩል ገብቶ የተጎዳውን ዲስክ አውጥቶ አጥንቶቹን የሚያያይዘው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነው። ከኋላ በኩል የቦዩን ክዳን ማንሳትም አለ፤ ጃፓኖች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ክዳኑን ሳያወጡ ከፍተው ቦዩን የሚያሰፉበትን መንገድ አመጡ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ 163 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ከፊትም ሆነ ከኋላ የተሠሩት ከአንድ ዓመት በኋላ በአካላዊ አቅም እንደማይለያዩ አሳይቷል። ከፊት የተሠሩት ግን በተለይ የመዋጥ ችግር በዝቶባቸው ነበር። ከቀዶ ሕክምና የሚጠበቀው ዋናው ነገር መባባሱን ማቆም ነው። ብዙዎች ከዚያም አልፎ ይሻላቸዋል፤ ለረጅም ጊዜ ተጨቁኖ የቆየ ህብለ ሰረሰር ግን ያጣውን ሁሉ ላይመልስ ይችላል። ጋሽም ተሠሩ፤ አካሄዳቸው ተስተካከለ፣ ሸሚዛቸውን ራሳቸው ይቆልፋሉ፣ ሁለት ጣታቸው ግን እስከ ዛሬ ይደነዝዛል። ኩንታል መሸከም ቀርቶ መጋዘን በር ላይ የሚገባውን ይቆጥራሉ።

በዚህ ሁሉ መሐል ሰው የሚደነግጥበት አንድ ነገር የኤም አር አይ ውጤት ነው። ጃፓን ውስጥ ምንም ሕመም የሌላቸው የ1,211 ሰዎች አንገት በኤም አር አይ ሲነሳ ወደ 88 በመቶው ላይ ዲስክ ገፍቶ ተገኝቷል። ስለዚህ «ዲስክ ተንሸራቷል» የሚል ወረቀት ብቻውን ለኦፕራሲዮን አያበቃም። ምስሉ ትርጉም የሚኖረው ከእጅ፣ ከእግርና ከሐኪሙ ምርመራ ጋር ሲገጥም ነው። በአገራችን ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ሌሊት የሚያልበው፣ የሚያተኩሰው፣ የከሳ ሰው አንገቱ የጠበበው በአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ መድኃኒት አለው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ስለ ወጌሻ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። የወለቀ ትከሻ የመለሱ፣ ሐኪም በሌለበት ገጠር ሰው ያቆሙ ወጌሾች አሉ። ነገር ግን ህብለ ሰረሰሩ የተጨቆነበትን አንገት በኃይል ማዞር ሰውን ለዘለቄታው ሽባ ሊያደርግ ይችላል። እጁ የከበደው ወይም አካሄዱ የተበላሸ ሰው አንገቱን ለማንም ማስጠምዘዝ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርቶ የታተመ ጥናት ለወጌሾች አጭር ሥልጠና መስጠት አጥብቆ በማሰር የሚመጣውን የእጅና የእግር መቆረጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። ታዲያ «ይህን አንገት አትንካ፤ ሐኪም ዘንድ ላክ» የሚያሰኙትን ምልክቶች ማስተማርም ይቻላል። ጸበልና ዱዓም ከሕክምና ጋር አይጣሉም፤ የሚጎዳው ቀጠሮውን በእነሱ ምክንያት መተው ነው።

የአገራችን የሕክምና አቅምም ከበፊቱ ተለውጧል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ቤርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ከዚያ በፊት በአገሩ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ጥቁር አንበሳን ጨምሮ በመንግሥትም በግልም ሆስፒታሎች ይህ ሕክምና ይሰጣል። ወረፋ አለ፤ አጥንት የሚያያይዙት ብረቶችም ከውጭ በዶላር ስለሚገቡ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ለቤተሰብ ይከብዳሉ። ያም ሆኖ ቤት ሸጦ ወደ ውጭ ከመሄድ በፊት የአገራችንን የነርቭ ቀዶ ሐኪም፣ ከተቻለም ሁለተኛውን፣ ማማከር ይቀድማል።

ሐኪሙ ዘንድ ሲደረስም ዝም ብሎ መፈረም አይገባም። የተጨቆነው ነርቭ ነው ወይስ ህብለ ሰረሰር? ከ18 ነጥብ ስንት ላይ ነኝ? ካልተሠራሁ በየስንት ጊዜው እመረመራለሁ? ከፊት ነው ከኋላ፣ ለምንስ? ብረቱን ጨምሮ ወጪው ስንት ነው፣ የጤና መድኔስ የትኛውን ይሸፍናል? እነዚህን ጥያቄዎች በአማርኛ ጠይቆ በአማርኛ መልስ ማግኘት የታካሚው መብት ነው። ሐኪሞቻችንም በወረፋ ብዛት ቢደክሙ እንኳ ይህን መልስ ሊሰጡ ይገባል፤ ምክንያቱም ታካሚው ቤት ሲመለስ ክፍተቱን ጎረቤት ይሞላዋል።

በቤት ውስጥም የሚደረግ ቀላል ነገር አለ። መዳፍን ሙሉ በሙሉ እየዘረጉ እየጨበጡ በ10 ሰከንድ ውስጥ መቁጠር ነው፤ ጤናማ እጅ 20 ጊዜና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ቀጥሎ ተረከዝን ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገጣጠሙ በቀጥታ መስመር መሄድ። እጅ ካነሰ፣ እግር ከተንገዳገደ፣ ሕመም ኖረም አልኖረም ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

የእህል በረንዳ ጫኝና አውራጆች ማኅበራትና ነጋዴዎች ኩንታሉን በ50 ኪሎ ከረጢት መክፈል ይችላሉ፤ ዋጋው አንድ ተጨማሪ ምልልስ ነው። የአካባቢው ጤና ጣቢያዎችም የተሸካሚዎችን እጅና አካሄድ በዓመት አንዴ ሊያዩ ይችላሉ፤ ለዚህ ኤም አር አይ አያስፈልግም፤ የሠለጠነ ዓይንና የአሥር ደቂቃ ጊዜ ይበቃል። አገሩን የሚያበላው እህል የሚያልፈው በእነዚህ ሰዎች አንገት ላይ ነው። መራመድ ሲያቅታቸው ለኦፕራሲዮን ገንዘብ ከማዋጣት፣ መራመድ ሳያቅታቸው መመርመር ለእነሱም ለእኛም ይቀላል።