ከብርቱካኑ ጋር እርሳስ

ባለፈው ክረምት ከደረጃ ወድቄ ቀኝ እግሬ ተሰበረ። ጀሶው ከጉልበቴ በላይ ድረስ ስለታሰረ ስድስት ሳምንት ከአልጋ አልወረድኩም። ጠያቂ አላጣሁም፤ ብርቱካንና ሙዙ ራስጌዬ ተከምሯል። ሁሉም ሲወጣ «እግዜር ይማርህ፣ አርፈህ ተኛ» ይለኛል። እኔ ግን ዕረፍቱ ነበር ያስጨነቀኝ። ቀኑ አልመሽ አለኝ።

በሁለተኛው ሳምንት የእህቴ ልጅ የራሷን ደብተርና እርሳስ አምጥታ አጠገቤ አኖረች። ከተማሪነቴ ወዲህ ሥዕል ሞክሬ አላውቅም። ፊት ለፊቴ ያሉት ከጀሶው ጫፍ ብቅ ያሉት አምስት ጣቶቼ ስለነበሩ እነሱን ሳልኩ። በማግስቱም እነሱኑ። እብጠቱ ሲጎድል፣ የቆዳው ጥቁረት ወደ ቢጫ ሲዞር ልብ ያልኩት እየሳልኩ ነው። እስከዚያ ድረስ ያን እግር ማየት እንኳ ያስጠላኝ ነበር። ሕመሙ አልለቀቀኝም፤ ቀኑ ግን መሸልኝ።

ስለ ሜክሲኳዊቷ ሠዓሊ ስለ ፍሪዳ ካሎ ሲነሳ «ሥቃይዋ ሠዓሊ አደረጋት» ይባላል። አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1925 የተሳፈረችበት አውቶቡስ ከትራም ጋር ሲጋጭ 18 ዓመቷ ነበር፤ ሐሳቧም ሐኪም መሆን ነበር። አከርካሪዋ፣ ዳሌዋ፣ እግሯ ተሰባበረ። እንዲህ ያለ አደጋ ብቻውን ሰው ይሰብራል እንጂ ሠዓሊ አያወጣም። እናቷ፣ ፍሪዳ ተኝታ የምትስልበት የሸራ ማቆሚያ አሠራችላት። የቀለም ሣጥኑ የአባቷ ነበር። ከአልጋዋ በላይ ደግሞ መስታወት ተሰቀለላት፤ እሷም በመስታወቱ ያየችውን የራሷን ፊት ሳለች። ዛሬ ዓለም የሚያውቃት በዚያ ፊት ነው። ኋላም ወገቧ የታሰረበትን ጀሶ ራሱን ቀለም ቀብታዋለች።

ፈረንሳዊው ሄንሪ ማቲስም የሕግ ቢሮ ጸሐፊ ሳለ በትርፍ አንጀት ሕመም ተኝቶ ነው ሥዕል የጀመረው። ቀለሙን ያመጣችለት እናቱ ናት።

የተኛ ሰው ሐኪም የከለከለውን እንቅስቃሴ ያድርግ አልልም። ሁሉም ሠዓሊ ይሆናል ማለቴም አይደለም፤ እኔም አልሆንኩም። ነገር ግን የተኛ ሰው ዓይኑና እጁ ሥራ ፈትተው ሳምንታት ሲያልፉ ከስብራቱ ያልተናነሰ ይጎዳል፤ ይህን በራሴ አይቼዋለሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የተሰበረ ሰው ልትጠይቁ የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከብርቱካኑ ጋር አንድ ደብተርና እርሳስ ያዙለት። መቅረጫውንም አትርሱ፤ የተኛ ሰው ተነስቶ አይፈልግም።