ሪባን የማይቆረጥለት ሥራ

የበጀት ዓመታችን የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን፣ ክረምቱ በሚበረታበት ወቅት ነው። የአዲስ አበባ መንገዶች መጠገኛ ገንዘብ ሲፈቀድ ዝናቡ አስፋልት አያስነጥፍም። ጨረታና ግዥ እስኪጠናቀቅ በጋው ይጋመሳል፤ የጎርፍ መውረጃ ቱቦ መጠረግ ባለበት በግንቦት ደግሞ መሥሪያ ቤቶች ሒሳብ ለመዝጋት ይጣደፋሉ። ከዚያ ሰኔ ይገባል።

አስፋልትን መኪና ያደክመዋል፤ የሚገድለው ግን ውኃ ነው። ቱቦው በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲደፈን ጎርፉ መንገዱ ላይ ይተኛል፤ በስንጥቁ ሰርጎም ከሥር ያለውን ገረጋንቲ ያላላዋል። በትንሽ ሬንጅ ይደፈን የነበረው ስንጥቅ ባጭር ጊዜ ጎሚስታ ብቻ የሚደሰትበት ጉድጓድ ይሆናል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይባል የለ? የዓለም ባንክ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣው የልማት ሪፖርት፣ አፍሪካ ውስጥ በወቅቱ 12 ቢሊዮን ዶላር ለጥገና ወጥቶ ቢሆን በአሥር ዓመት ውስጥ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይድን እንደነበር አስልቷል።

አዲስ መንገድ አይሠራ አንልም። የኮሪደር ልማቱ ለዋና ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሰጥቷል፤ ያም ቢሆን ከተመረቀ ማግሥት ጀምሮ ጠራጊና ጠጋኝ ይፈልጋል። ለተጠረገ ቱቦ ግን ሪባን አይቆረጥም፤ ካሜራም አይመጣም። ገንዘቡን ወደ አዲስ ግንባታ የሚስበው አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለናል።

የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ሲቋቋም ከነዳጅ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለጥገናና ለመንገድ ደኅንነት እንዲውል ታስቦ ነበር። የከተማው በጀትም ይህንኑ መንገድ ይከተል፦ የነባር መንገዶች ጥገና ቀድሞ ይመደብ፣ ወደ ሌላ ሥራ እንዳይዛወርም ይታገድ። የጥገና ውል ከአንድ ዓመት በላይ የሚዘልቅ ቢሆን ተቋራጩ መስከረም እንደጠባ ሥራ ይጀምራል፤ ግንቦት ላይም ለቱቦ ጠረጋ የሚከፈለው አያጣም።

የመስመር ቁፋሮም ሥርዓት ይያዝ። ኮብልስቶን ቢነሣ ድንጋዩ ተመልሶ ይነጠፋል፤ የተቆረጠ አስፋልት ግን በአፈር ተሸፍኖ ሲተው ለቀጣዩ ክረምት የተዘጋጀ ጉድጓድ ነው። ቆፋሪው ተቋም መንገዱን ወደነበረበት የሚመልስበትን ገንዘብ አስቀድሞ ያስይዝ፤ ሳያስይዝ የቁፋሮ ፈቃድ አይሰጠው።