ለድመቱ መርዝ አትግዙ፤ ግድግዳውን እጠቡ



በቅርቡ አንዲት እናት ከቀሐ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት መጡ። አይጥ እንዲይዙላቸው ሦስት ድመቶች ያሳድጋሉ። ከሰሞኑ ግን ባለቤት የሌለው ወንድ ድመት በአጥር እየዘለለ እየገባ መቃኑን፣ የጤፍ ጆንያውንና የመስገጃውን ጫፍ እየረጨ አስቸገራቸው። «ልጄ፣ የሚገድለው ነገር ስጪኝ፤ ሶላቴን ነሳኝ» አሉኝ። «እማማ፣ መርዝ አልሰጥዎትም፤ ሽታውን የሚያጠፉበትን ግን እነግርዎታለሁ» አልኳቸው። ችግሩ የእርሳቸው ብቻ ስላልሆነ ለእናንተም ላካፍላችሁ ወደድኩ።

ድመቱ ይህን የሚያደርገው እኛን ለማናደድ አይደለም። መሽናትና መርጨት ይለያያሉ። ሽንቱ የመጣ ድመት ቁጢጥ ብሎ መሬት ላይ ብዙ ይሸናል። የሚረጭ ድመት ግን ቆሞ፣ ጭራውን ቀጥ አድርጎ እያንቀጠቀጠ፣ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ጥቂት ይረጫል። ይህ ለሌሎች ድመቶች የሚተወው ምልክት ነው። ባልተኮላሸ ወንድ ድመት ሽንት ውስጥ ፌሊኒን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ይገኛል። እርሱም ሲቆይ ድኝ ወዳለባቸው ኃይለኛ ሽታዎች ይለወጣል። ሽታው ውሎ ሲያድር የሚብሰው በዚህ ምክንያት ነው። የቤቶቹ ድመቶችም ሲያሸቱት ስጋት ይገባቸውና እነርሱም ይረጫሉ። የአንዱ ጥፋት የአራት ይሆናል።

አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ ከተዘጋጀላቸው ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን አዘንብለው ማጠጣታቸው በሐዲስ ተላልፏል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች አስተምረዋልና። ሽንቷ ግን ነጃሳ ስለሆነ የነካው ልብስና መስገጃ መታጠብ አለበት። ድመት አስራ በረሃብ የገደለችው ሴት በእርሷ ምክንያት መቀጣቷንም ሁላችንም ሰምተናል።

በእኔ አስተያየት መርዝ ማስቀመጥ ከሽንቱ የከፋ አደጋ ነው። መርዙን ማን እንደሚበላው አናውቅም። የራሳችን ድመት፣ የጎረቤት ዶሮ ወይም ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከት ሕፃን ሊሆን ይችላል። ለእህል ተባይ የሚረጨው ማላታይን የሰውንም ነርቭ ይጎዳል። ደግሞም አንዱ ድመት ቢሞት፣ ትርፍራፊውና ክፍት በሩ እስካለ ድረስ ሌላው ይተካል።

ሽታ ሲያስቸግረን ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናነሳው በረኪና ነው። ይህ ስህተት ነው! በረኪና በሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ዓይንና ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይፈጥራል፤ በተለይ አስም ላለበት አስጊ ነው። በረኪናን ከአቼቶ ጋር መቀላቀልም የክሎሪን ጋዝ ያወጣልና ፈጽሞ አታድርጉት።

ይልቅ ቦታውን በጨርቅ አድርቁና በንጹሕ ውሃ እጠቡ። ከዚያ ኢንዛይም ያለበትን የልብስ ዱቄት ሳሙና (ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ) በለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አርሱት። የፈላ ውሃ ኢንዛይሙን ስለሚያበላሽ አትጠቀሙ። በመጨረሻም ደጋግማችሁ አለቅልቁና ፀሐይ ላይ አድርቁ። የጭቃ ግድግዳ ሽንቱን ወደ ውስጥ ስለሚመጥ ፍቆ እንደገና መለሰን ይሻላል።

ቀጥሎ እንግዳው የሚመጣበትን ምክንያት አስወግዱ። የበሩን ሥርና የመስኮቱን ቀዳዳ ድፈኑ፤ ትርፍራፊ ደጅ አታሳድሩ፤ ድመቶቻችሁን በሰዓት ቤት ውስጥ መግቡና የተረፈውን አንሱ። ለሦስት ድመቶች አሸዋ ያለባቸው አራት ሳፋዎች በተለያየ ቦታ ብታስቀምጡ ሽሚያው ይቀንሳል። የረጨን ድመት መምታት ፍርሃቱን ስለሚጨምር መርጨቱን ያብሰዋል።

ዓይነ ምድሩን በየቀኑ ጣሉ። በውስጡ የሚገኘው የቶክሶፕላዝማ እንቁላል ሰውን ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋልና ዕለት በዕለት ማንሳት ይጠብቃል። ነፍሰ ጡር እህቶች ግን ይህን ሥራ ለሌላ ይስጡ፤ በሽታው ፅንስን ይጎዳል። እንግዳው ድመት የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ካለ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋል።

የቤታችሁ ወንድ ድመት መርጨቱን ካልተወ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ማኮላሸት ከአሥር ወንድ ድመቶች በዘጠኙ ገደማ ላይ መርጨትን በእጅጉ ይቀንሳል። ዓሊሞች በዚህ ላይ የተለያየ አስተያየት ስላላቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ። ድመቱ እያማጠ ሽንት ካልወጣው ግን ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ውሰዱት፤ ካደረ ሊሞት ይችላል። ለሰው የተሠራ መድኃኒትም በግምት አትስጡት።

እኒያ እናት መጀመሪያ ላይ ቅር ብሏቸው ነበር። «ለሳሙናና ለሳፋ ብር ከማውጣት መርዙ አይረክስም?» አሉኝ። ለአንድ ቀን ይረክስ ይሆናል። የልጅ ልጃቸው መሬት ላይ እየዳኸች የምታድግበት ቤት መሆኑን ሳስታውሳቸው ግን ዝም አሉ። እናንተም መርዙን ከመግዛታችሁ በፊት በቤታችሁ የሚድኸውን አስቡ።

ወላሁ አዕለም።