የሳንባ ምች ከብርድ ሳይሆን ከአፍንጫ ይጀምራል

ክረምት ሲገባ የዳሞታ ተራራ በጭጋግ ይሸፈናል፤ ወላይታ ሶዶና ዙሪያዋም ይቀዘቅዛሉ። በዚህ ወቅት አንድ ሕፃን አስሎት፣ አተኩሶት፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ሲል ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚሰጡት ፍርድ አንድ ነው፤ «ብርድ መታው»። የበሽታው የአማርኛ ስም ራሱ፣ «የሳንባ ምች»፣ ነገሩን ከውጭ መጥቶ የሚመታ ያስመስለዋል።

ሳይንሱ የሚለው ሌላ ነው። ለከባድ የሳንባ ምች ዋነኛ መንስኤ ከሆኑት ባክቴሪያዎች አንዱ ኒሞኮከስ ይባላል። መኖሪያው የጤነኛ ሕፃን አፍንጫና ጉሮሮ ነው። በድሃ አገሮች አብዛኞቹ ሕፃናት የመጀመሪያ ልደታቸው ሳይደርስ ከወንድም ከእህቶቻቸው ተቀብለው ይሸከሙታል። ብዙውን ጊዜ ምንም አያደርግም። በዚያው አፍንጫ ውስጥ ጉዳት የሌላቸው ሌሎች ባክቴሪያዎችም ስላሉ ቦታና ምግብ ይሻሙታል። አደጋው የሚመጣው ይህ ሚዛን ሲናጋ ነው።

ሚዛኑን የሚያናጋው ምንድን ነው? አንደኛው ቫይረስ ነው። ጉንፋን ወይም ኢንፍሉዌንዛ የመተንፈሻ አካልን ሽፋን ሲያቆስል፣ አፍንጫ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ባክቴሪያ ወደ ሳንባ የሚወርድበት መንገድ ይከፈትለታል። ሁለተኛው ጭስ ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው ቤተሰብ የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት ነው። ሦስተኛው የምግብ እጥረት ነው። ወላይታ በአገሪቱ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ መሬቱ ጠባብ ነው፤ በ2000 ዓ.ም. እንደታየው ማሳው ለምልሞ ሳለ ሕፃናት የሚከሱበት «አረንጓዴ ረሃብ» የሚያውቀው አካባቢ ነው። ብዙ ሰው የሚተኛበት አንድ ክፍል፣ ጭስ መውጫ የሌለው ጎጆና በቂ ምግብ ያላገኘ ሕፃን አንድ ላይ ሲገናኙ ብርዱ ሰበብ ብቻ ይሆናል።

ኢትዮጵያ ይህን በትልቁ አይታዋለች። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያራቆተው «የኅዳር በሽታ» ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። በዚያ ወረርሽኝ ከሞቱ ሰዎች የተቀመጡ የሳንባ ናሙናዎችን የመረመሩ የአሜሪካ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አብዛኞቹ የሞቱት ቫይረሱን ተከትለው ሳንባ ውስጥ በገቡ የተለመዱ የአፍንጫና የጉሮሮ ባክቴሪያዎች ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሰዋል። ቫይረሱ በሩን ሰበረ፤ ገዳዩ ግን ቤት ውስጥ ነበር። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ሰፈር ይታጠናል። ዕለቱን ማስታወስ መልካም ነው፤ ጭሱ ግን ለሕፃን ሳንባ ወዳጅ አይደለም።

መልካሙ ዜና፣ ገዳዩ የት እንዳለ ከታወቀ እዚያው መያዝ ይቻላል። በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ወደ 40 ሺህ በሚጠጉ ሕፃናት ላይ ተደርጎ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን አሳይቷል። የኒሞኮከስ ክትባት ቫይረስን አይነካም፤ ሆኖም ክትባቱን ሙሉ በሙሉ በወሰዱት ልጆች ላይ ከቫይረስ ጋር ተያይዞ ሆስፒታል የሚያስገባው የሳንባ ምች በ31 በመቶ ቀነሰ። ሌላም ጥቅም አለው። አሜሪካ በ2000 እ.ኤ.አ. ሕፃናትን መከተብ ስትጀምር፣ ያልተከተቡ አረጋውያንም በዚሁ ባክቴሪያ መታመማቸው ቀንሷል፤ የልጅ ልጆቻቸው አፍንጫ ክትባቱ የሚከላከላቸውን የባክቴሪያውን ዓይነቶች መሸከሙ ቀንሷልና። የሕፃን ክትባት የአያትም መከላከያ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ክትባት በ2004 ዓ.ም. ጀምራ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት በነፃ ትሰጣለች። ክትባቱ አለ፤ የሚጎድለው መጨረስ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው የኢትዮጵያ ልጆች መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱት 43 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል።

«መድኃኒት አለ አይደል? ሲታመም ይታከማል» የሚል ይኖራል። እርግጥ አሞክሲሲሊን በጊዜው ከተሰጠ ነፍስ ያድናል። ነገር ግን ለተራ ጉንፋን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፋርማሲ የሚገዛው አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም። የሚገድለው አፍንጫ ውስጥ ያሉትን ደካማና ጉዳት የሌላቸውን ባክቴሪያዎች ነው፤ የሚተርፈው መድኃኒቱን የተላመደው ነው። ያው ባክቴሪያ ነገ ሳንባ ሲገባ ሐኪሙ የሚያዝዘው መድኃኒት ላይሠራ ይችላል። እንጥል ማስቆረጥም ያው ነው፤ ባክቴሪያ በሚኖርበት ጉሮሮ ላይ ቁስል መክፈት ነው።

እናትን መውቀስ ቀላል ነው። ነገር ግን ሕፃን አዝላ ዳገት ወጥታ ጤና ኬላው ተዘግቶ ያገኘች እናት ለሦስተኛው ዙር ባትመለስ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም። ደሞዙ ወራት በሚዘገይበት አካባቢ ሠራተኛ ቤት ለቤት እንዲዞር መጠበቅም አይቻልም፤ በወላይታ ዞን የመንግሥት ሠራተኞች የደሞዝ መዘግየት በተደጋጋሚ የተሰማ አቤቱታ ነው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሶዶን ከማዕከላቱ አንዷ ሲያደርግ ሕዝቡ አገልግሎት ይቀርበናል ብሎ ጠብቋል። የዚያ ተስፋ አንዱ መለኪያ ሕንፃ ሳይሆን ሦስተኛው መርፌ መሆን አለበት።

ስለዚህ የዞኑ ጤና መምሪያ ቢያንስ ሁለት ነገር ያድርግ። ሦስተኛውን ዙር የጨረሱ ሕፃናትን ቁጥር በየቀበሌው ለሕዝብ ይግለጽ፤ የተደበቀ ቁጥር ማንንም አያሳፍርምና። ክትባቱንም እናቶች ወደሚገኙበት፣ ወደ ቦዲቲና አረካ የገበያ ቀን፣ ይውሰደው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደሞዝ ከሁሉም በፊት ይከፈል።

ቤተሰብ ደግሞ አንድ ነገር ይያዝ፤ የሕፃኑን ትንፋሽ መቁጠር። ሕፃኑ ሳያለቅስ፣ ደረቱ ተገልጦ፣ ለሙሉ አንድ ደቂቃ ይቆጠር። ከሁለት ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ይድረስ። በ2019 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ላይ ከ740 ሺህ በላይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በዚህ በሽታ ሞተዋል። «ብርድ መታው» ተብሎ በጋቢ ተጠቅልሎ የሚያድር ሕፃን ጠዋትን ላያይ ይችላል።